የወረዳው ዕቅድ የማን ነው?

እንኳን ወደ አገሬ በደህና መጣችሁ።

አገሬ ስላችሁ የምሬን ነው። ከዚህ ከባቱ ወደ ሻሸመኔ አቅጣጫ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብትነዱ አዳሚ ቱሉን ታገኛላችሁ። ያደግኩት እዚያ ነው። ማስረጃ የሚፈልግ ካለ ጥርሴን ይይ። አንደኛ ዓመት ሳለን አንዱ ጓደኛችን (ዛሬም አለ፣ ከኋላ እየሳቀ ነው) "ሲጋራ ታጨሻለሽ እንዴ?" ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ሲጋራ አይደለም፣ የጉድጓድ ውኃ ነው። የስምጥ ሸለቆ ልጅ በጥርሱ ይታወቃል። ወደዚህ ጉዳይ መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ።

አዘጋጆቹ "ከተመረቅሽ በኋላ ስላለፍሽበት ተናገሪ" ብለውኛል። ስለ ቀዶ ሕክምና ወይም ስለ ውጭ አገር ኑሮ የሚነግሯችሁ ብዙ ናቸው። እኔ የማወራው ስለ ዕቅድ ነው። አውቃለሁ፣ ዕቅድ የሚለውን ቃል ስትሰሙ ስልካችሁን ማውጣት ያምራችኋል። እባካችሁ ትንሽ ታገሱኝ።

በ1991 ጂማ ስንገባ የኢንስቲትዩቱ ስም ገና አልተቀየረም ነበር። ዩኒቨርሲቲ የተባለው በሚቀጥለው ዓመት ነው። ትዝ ይላችኋል አይደል፣ በየዓመቱ መጠይቅ ይዘን ወደ ቀበሌ ስንወጣ? ውሻ እያባረረን፣ "ስንት ልጅ አለዎት እናቴ? በሕይወት ያሉ ስንት፣ የሞቱ ስንት?" እያልን ቤት ለቤት እንዞር ነበር። ያኔ ጊዜ ማባከን ይመስለን ነበር። እኔ ከሰባት ዓመቱ ትምህርት ከሁሉ ይበልጥ የጠቀመኝ እሱ መሆኑን ያወቅሁት ከተመረቅን ከአሥር ዓመት በኋላ ነው፤ ያውም ዘግይቶ።

በሆስፒታል ጥቂት ዓመት ከሠራሁ በኋላ በሕብረተሰብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪዬን ይዤ በአንድ ወረዳ የጤና ጽሕፈት ቤቱን እንድደግፍ ተመደብኩ። የወረዳውን ስም አልጠራም። ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ባለው መንገድ ላይ ካሉት አንዱ ነው፣ ይብቃችሁ። ሰዎቹ ዛሬም እየሠሩ ነው፤ ጥፋቱም፣ እንደምትሰሙት፣ በአብዛኛው የእኔ ነው።

የዕቅዱ አሠራር በወረቀት ላይ ሲታይ ያማረ ነው። "አንድ ዕቅድ፣ አንድ በጀት፣ አንድ ሪፖርት" የሚለውን ታስታውሳላችሁ። የፌዴራል ጤና ሚኒስቴርና የክልል ጤና ቢሮዎች በጋራ ይመክራሉ፤ የአምስት ዓመቱ ፕሮግራም ለዓመት ይከፈላል፤ ለክልል፣ ከክልል ለዞን፣ ከዞን ለወረዳ አመላካች ግብ ይወርዳል። ወረዳውም በበኩሉ ያለበትን ማነቆ ለይቶ፣ ያለውን ገንዘብና ሰው ቆጥሮ "እኔ የምችለው ይህን ነው" ብሎ ይልካል። ሁለቱ መካከል ላይ ይገናኛሉ፣ ይደራደራሉ፣ ይፈራረማሉ። ሐምሌ 1 የበጀት ዓመቱ ይጀምራል። ወረዳን መሠረት ያደረገ ዕቅድ የሚባለው ይህ ነው። ወረዳዎች ከ1995 ጀምሮ የራሳቸውን በጀት በጥቅል እየተቀበሉ በምክር ቤታቸው ስለሚያጸድቁ ድርድሩ የእውነት መሆን ነበረበት።

በተግባር ግን የወረዳው በጀት አብዛኛው ደመወዝ ነው። ደመወዝ ከተከፈለ በኋላ ለነዳጅና ለውሎ አበል የምትተርፈውን የምታውቁ ታውቋታላችሁ። ከላይ የሚመጣው ግብም "አመላካች" ተብሎ ይነሣና ወረዳ ሲደርስ ትእዛዝ ሆኖ ያርፋል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ "የምንደራደረው በሻይ ሰዓት ስለ ሳንቡሳው ብቻ ነው" ይል ነበር።

ከመውቀሴ በፊት ግን ሚዛን ልጠብቅ፣ ምክንያቱም ከላይ የሚመጣን ግብ ሁሉ መራገም ፋሽን ሆኗል። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 እና በ1996 ሲጀመር ለእያንዳንዱ የገጠር ቀበሌ ሁለት ሴቶች ሠልጥነው፣ የመንግሥት ደመወዝተኛ ሆነው ይመደቡ የሚለው ግብ የመጣው ከላይ ነው። ለወረዳ ምክር ቤቶች ቢተው ኖሮ መንገድ፣ ትምህርት ቤትና የጽሕፈት ቤት አጥር ይቀድሙት ነበር። በጥቂት ዓመት ውስጥ ከ30,000 በላይ ሴቶች ቀበሌ ገቡ። የየወረዳው አምቡላንስም ከዚያው ከላይ የመጣ ነው። በ2003 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንፃር 676 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2008ቱ ጥናት 412 ሆኗል። የተያዘው ግብ 267 ነበርና አልደረስንበትም። ግን 267 ተብሎ ባይጻፍ ኖሮ 412 መድረሳችንን እጠራጠራለሁ።

ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። አካፋዩ ላይ።

በአገራችን የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ነው። አራተኛው ደጋግሞ ተራዝሞ እስካሁን አልተካሄደም። የአዳሚ ቱሉ ጅዶ ኮምቦልቻ ወረዳ ሕዝብ በ1999ኙ ቆጠራ ከ141,000 በላይ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ በየዓመቱ በእድገት መጠን እየተባዛ የሚገመት ነው። ከተገመተው ሕዝብ ላይ ነፍሰ ጡሮች ስንት እንደሆኑ ለማወቅ ደግሞ በሌላ ቁጥር ይባዛል፤ በኦሮሚያ ሦስት ተኩል በመቶ ገደማ ነው። ለአንድ ክልል በጥቅሉ ይህ ክፉ ግምት አይደለም። ቀበሌ ሲወርድ ነው ጉድ የሚፈላው።

አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበረችን፣ ቀበሌዋ ከዋናው መንገድ ገባ ያለ፣ ወጣቱ ወደ ከተማ የፈለሰበት ነው። በዕቅዱ 5,000 ሕዝብ አለ ይላል፤ ስለዚህ 175 ነፍሰ ጡር። እሷ በየቤቱ ዞራ 121 አገኘች። ከ121ዱ 100ው ጤና ጣቢያ ወለዱ። እንግዲህ ሐኪሞች ናችሁ፣ አስሉት፤ 83 በመቶ ነው፣ በየትኛውም አገር የሚያስመሰግን። በግምገማው ሰሌዳ ላይ ግን 100 ለ175 ተካፍሎ 57 በመቶ ሆነና ቀይ ተቀባ። የተሰጣት ግብ 90 በመቶ ነበር፤ ይህም ማለት 158 እናቶች። በቀበሌው ውስጥ የሌሉ 37 ሴቶች አርግዘው እንዲወልዱላት ይጠበቅባታል። ስብሰባው ላይ "ተጨማሪ ፈልጊ" ተባለች። አንገቷን ደፍታ "እሺ" አለች። በሚቀጥለው ሩብ ዓመት 40 እናቶች "ተገኙ"። ማንም አልጠየቀም፣ እኔም ጭምር።

የሪፖርታችንን ትክክለኛነት የምናጣራበት ዘዴ ነበረን፤ በየወሩ አሥራ ሁለት ያህል ቁጥሮች ተመርጠው ከመዝገቡ ጋር ይመሳከራሉ። ጥሩ ዘዴ ነው፣ ግን የሚያመሳክረው ሪፖርትን ከመዝገብ ጋር ነው። መዝገብን ከቤት ጋር የሚያመሳክር የለም። በአገር ደረጃ ያለውም ከዚህ አይለይም፤ በ2008 የሦስተኛው ዙር የፔንታ ክትባት ሽፋን በአስተዳደር ሪፖርት ከ90 በመቶ በላይ ሲሆን ቤት ለቤት የተደረገው ጥናት 53 በመቶ ነው ያገኘው።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ።

በዚያው ወረዳ ተቃራኒ ቀበሌም ነበረች፣ በከተማ ዳር ያለች። በአካባቢው የአበባና የአትክልት እርሻ ስለተስፋፋ ከደቡብም ከሌላውም የመጣ የቀን ሠራተኛ በየሰርቪስ ቤቱ አራትና አምስት እየሆነ ተከራይቶ ይኖራል። በ1999 ይህ ሁሉ ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ በዕቅዱም የለም። በ2007 የኩፍኝ ክትባት ዕቅዷ 150 ሕፃናት፣ የከተበችው 156፣ አፈጻጸም 104 በመቶ። ሰሌዳው ላይ አረንጓዴ። የምስክር ወረቀት የሰጠናት እኔው ነኝ፣ ፎቶም ተነሥተናል።

በዚያ ዓመት ጥር ላይ የቀበሌዋ ሠራተኛ ቢሮዬ መጣች። "ዶክተር፣ የኪራይ ቤቶቹ ልጆች አልተከተቡም። እናቶቹ በንጋት እርሻ ይገባሉ፣ ማታ ነው የሚመለሱት። አንድ እሑድ ቡድን ቢልኩልኝና ክትባት ቢጨመርልኝ…" አለችኝ። ሰሌዳውን ዞር ብዬ አየሁት። "እኅቴ፣ አንቺ እኮ 104 ነሽ። ያለችን ነዳጅ ለቀዮቹ ቀበሌዎች ነው። እነሱን ከወደቁበት እናንሣ እንጂ" አልኳት። እውነትም ብልህ አመዳደብ መስሎኝ ነበር። ቡድኑን ወደዚያች ወደ መጀመሪያዋ ቀበሌ ላክሁት፤ የሌሉ ነፍሰ ጡሮች ፍለጋ።

መጋቢት ላይ ኩፍኝ ገባ። ከኪራይ ቤቶቹ ነው የጀመረው። ሁለት ልጆች ሞቱ፤ አንደኛዋ የአሥራ አራት ወር ልጅ ነበረች፣ ጤና ጣቢያ ስትደርስ ሳንባዋን ይዟት ነበር፣ እኔው ነኝ የተቀበልኳት። እናቷ የሥራ ቱታዋን እንኳ አላወለቀችም። ከዚያ በኋላ ነው ቤት ለቤት የቆጠርነው፤ ከአንድ ዓመት በታች ያሉት ሕፃናት 150 ሳይሆኑ 231 ናቸው። የ104ቱ ትክክለኛ ስም 68 ነበር። ሠራተኛዋ አንድም ቁጥር አልዋሸችም። ሰሌዳውን ከእሷ በላይ ያመንኩት እኔ ነኝ። ቀርባ ነግራኝ ነበር። ይህን በአደባባይ ስናገር ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።

በሚቀጥለው የዕቅድ ወቅት ከጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ጋር ተማክረን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ሁሉ በቤተሰብ ማኅደሩ መሠረት ነፍሰ ጡሮችንና ሕፃናትን እንዲቆጥሩ አደረግን። ወር ተኩል ፈጀ። ይዘን ወደ ዞን ሄድን። የዞኑን ኃላፊ ኦቦ እንበላቸው፤ ሥራቸውን የሚያውቁ፣ ክፋት የሌለባቸው ሰው ናቸው። ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አዩት።

"ዶክተር፣ ይህ ትክክል ሳይሆን አይቀርም" አሉኝ። "ግን እኔ የእናንተን ሕዝብ ብቀንስ የክልሉ ድምር አይመጣም። ክልሉም ቢቀበለኝ የፌዴራሉ አይመጣም። ደግሞስ የሕዝብ ቁጥራችሁ ሲቀንስ ነገ በጀታችሁም ይቀንስ ትያለሽ?"

መልስ አልነበረኝም። ቁጥሩ ለጤና ብቻ የሚያገለግል መስሎኝ ነበር፤ ለካ ገንዘብም የሚከፋፈለው በእሱው ነው። የወረዳው አስተዳዳሪም የተቆጠረውን ሲያዩ ፊታቸው የጠቆረው ለዚህ ነው።

ከብዙ ምልልስ በኋላ የተስማማነው እንዲህ ነው። ወደ ዞን የሚሄደው ሪፖርት በኦፊሴላዊው አካፋይ ይቀጥላል። ከጎኑ "የተቆጠረ" የሚል ዓምድ ይጨመራል፣ ዞኑም ዓምዱን አይቶ እንዳላየ አይሆንም። በወረዳው ውስጥ ቀበሌዎችን የምንገመግመው፣ ነዳጅና ክትባት የምንመድበው በተቆጠረው ነው። እንዲሁም ከግቦቹ አንዱን ወረዳው ራሱ ይመርጣል።

ተቆጠረ ሲባል ደግሞ ሌላ ዘዴ ይፈለሰፋል፤ ሰው ነን። አንዲት ቀበሌ ነፍሰ ጡሮቿን በአንድ ሦስተኛ ቀንሳ መጣች፤ አካፋዩ ካነሰ ውጤቱ ይወፍራል እኮ። ስለዚህ ጎረቤት ቀበሌዎች እየተለዋወጡ እንዲቆጣጠሩ አደረግን። ትንሽ ቅሬታ ነበር፣ ግን ሠራ።

ዋጋ አላስከፈለም ብዬ አልዋሻችሁም። የፈለሰፍናቸውን እናቶች ከሪፖርቱ ስናወጣ ወረዳው በዞኑ ደረጃ ከሦስተኛ ወደ መጨረሻው አካባቢ ወረደ። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ በዓመቱ ግምገማ "የአመለካከት ችግር" ተብሎ ከቦታው ተነሣ። እኔ ዶክተር ስለሆንኩ አልተነካሁም። ይህ ፍትሐዊ አልነበረም። ሰውየው ዛሬ ሌላ ወረዳ ነው፣ በበዓል እንደዋወላለን።

ወረዳው ራሱ የመረጠውን ግብ ልንገራችሁማ፣ ደስ የሚለኝ እሱ ነው። እናቶችን ጠርተን "ጤና ጣቢያ ለምን አትወልዱም?" ብለን ስንጠይቅ አንዲት አዴ ተነሥተው "የወለደች ሴት በባዶ ሆዷ አትሸኝም። እናንተ ጋ ምጣድም ማሰሮም የለም" አሉን። በቃ። የእናቶች ማቆያ ክፍል፣ ማገዶ፣ ዱቄትና ቅቤ። ግቡ የተጻፈው "በሁሉም ጤና ጣቢያ ለወለደች እናት ገንፎ" ተብሎ ነው፤ አዴዎቹ መርቃ ይሉታል። ዱቄቱን ሴቶቹ ራሳቸው አዋጡ፣ ቡና ቤተሰቡ ያፈላል። ይህን ያደረግነው እኛ ብቻ አይደለንም፣ በብዙ ወረዳዎች ተደርጓል፣ በኋላም ከላይ በመመሪያ መጥቷል። ከታች ወደ ላይ የሄደ ነገር ካያችሁ አንዱ እሱ ነው።

ሌሎች አገሮችስ? ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የወረዳ ከንቲባዎች በፕሬዚዳንቱ ፊት ግባቸውን ይፈራረማሉ፤ ኢሚሂጎ ይሉታል። በአደባባይ ቃል መግባት ያተጋል፤ ግን በፕሬዚዳንት ፊት የገባኸውን ቃል "አልሆነልኝም" ማለት ምን ያህል ይከብድ ይሆን እያልኩ አስባለሁ። እንግሊዞች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 አካባቢ 198 አገር አቀፍ መለኪያዎችን ዘርዝረው ለየአካባቢው መስተዳድር "ከእነዚህ እስከ 35 የሚሆኑትን ለአካባቢህ የሚበጀውን መርጠህ ከእኛ ጋር ተስማማ" አሉ። በ2010 መንግሥት ሲቀየር ነገሩ ቀረ። ዕድሜው ቢያጥርም ምርጫ የሚለው ሐሳብ ገብቶኛል። 198ቱ ግን አልቀናኝም፣ የእኛም ቅጽ ይበቃል።

ምርጫ ያልኩት ወደ ጥርሴ ስለሚመልሰኝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውኃ ውስጥ ያለ ፍሎራይድ በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። በስምጥ ሸለቆ ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ከዚያ እጅግ በላይ ናቸው። ጥርስ ቢበልዝ ግድ የለም፣ እስቃለሁ፤ አጥንታቸው ተጣብቆ ጎብጠው የቀሩ አዛውንቶች ግን ያደግኩበት ሰፈር አሉ። በአጥንት ከሰልም፣ ናልጎንዳ በሚባለው ዘዴም ውኃውን የማጣራት ሙከራ በዚህ አካባቢ ተደርጓል። እኔ በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ ግን ከላይ በመጣልን የዕቅድ ቅጽ ላይ ለፍሎራይድ አንድ ረድፍ አልነበረም። ረድፍ የሌለው ነገር በጀት የለውም፣ በግምገማ አይነሣም። ጤና ጽሕፈት ቤት ሄጄ ስጠይቅ "የውኃ ጉዳይ ነው"፣ ውኃ ጽሕፈት ቤት ስሄድ "የጤና ጉዳይ ነው"። ለጋምቤላ ወይም ለባሌ ተራራ ወረዳ ይህ ረድፍ ላያስፈልግ ይችላል። ለአዳሚ ቱሉ፣ ለመቂ፣ ለቡልቡላ ያስፈልጋል።

ከ2010 ወዲህ ሪፖርቱ በኮምፒውተር ሆኗል፤ ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 የሚባለው ሥርዓት ከጤና ጣቢያ እስከ ሚኒስቴር በአንድ ቀን ያሳያል። ድሮ ከወረዳ ዞን ለመድረስ በሚኒባስ ይሄድ የነበረውን ወረቀት ለምናስታውስ ትልቅ ነገር ነው። አካፋዩ ግን ያው ነው፤ አሁን ስሕተቱ በፍጥነት ይደርሳል።

ስለዚህ እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል ሚኒስቴር መሥሪያ ቤትና ክልል ቢሮ ያላችሁ አላችሁ፣ አይቻችኋለሁ፣ አትደበቁ። ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። አንደኛ፣ በዓመታዊው ቅጽ ላይ "የተቆጠረ" የሚል ዓምድ ክፈቱ፤ ከኦፊሴላዊው ቢለያይም የሚያስቀጣ አይሁን። ሁለተኛ፣ ከታች ሁለት ረድፍ ባዶ ተዉ፣ ወረዳው የራሱን እንዲጽፍባቸው፤ ስትገመግሙም እነሱን መጀመሪያ ጠይቁ። ወጪው የቀለም ነው።

የዚያች የከተማ ዳር ቀበሌ ሠራተኛ ዛሬ ዲፕሎማዋን አሻሽላ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። የእሑድ ክትባት ካስጀመረች በኋላ አንድም እሑድ አልዘለለችም። ባለፈው ስደውልላት "ዶክተር፣ ሰሌዳው ላይ ስንት እንደሆንን አላየሁም፣ ቤቶቹን ግን ጨርሻለሁ" አለችኝ።

አስረዘምኩባችሁ መሰለኝ፣ የሐይቁ ዓሣም እየጠበቀን ነው። ጥብሱን እንደልባችሁ ብሉ፣ ውኃውን ግን ከጠርሙስ ጠጡ።